‹‹ታዲያ ምን ልቀባ?››፦ በአነስተኛ ዋጋ ስለሚገኙ የፊት መንከባከቢያዎች የቀረበ ሂስ

የሐኪሞች መጽሔት ስለ ፊት ሳሙናና ስለ ፊት ቅባት ገጽ ማባከኑ ምን ይባላል የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፡፡ እኔም ከሁለት ዓመት በፊት ከዚሁ አንባቢ ወገን ነበርኩ፡፡ በሕክምና ትምህርት ቤት ስለ ቆዳ የተማርነው ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ሲሆን፣ በእነዚያም ሳምንታት ስለ ሥጋ ደዌ፣ ስለ እከክ፣ ስለ ጭርትና ስለ ቁንጭር እንጂ ጤነኛ ሰው ጠዋት ፊቱን ታጥቦ ምን መቀባት እንዳለበት የነገረን መምህር አልነበረም፡፡ ጥያቄው ከሕክምና ክብር በታች ያለ፣ ለውበት ሳሎኖችና ለሱቅ ሻጮች የተተወ ይመስለን ነበር፡፡

ይህን አስተያየቴን ያስለወጠችኝ አንዲት ታካሚ ናት፡፡ ዕድሜዋ በሃያዎቹ አጋማሽ የሚገኝ ሲሆን፣ የፊቷ ቆዳ ከመሳሳቱ የተነሣ ጥቃቅን የደም ሥሮች ከላይ ይታያሉ፤ በጉንጮቿ ላይ ስስ ጸጉር በቅሏል፤ በአፏ ዙሪያ ብጉር የመሰለ ሽፍታ ወጥቷል፡፡ ከቦርሳዋ ያወጣችው ቱቦ ላይ የተጻፈው ‹‹ክሎቤታዞል ፕሮፒዮኔት 0.05 በመቶ›› የሚል ነበር፡፡ ይህ በቅባት መልክ ከሚሰጡት ስቴሮይዶች ሁሉ እጅግ ኃይለኛ ከሚባለው መደብ የሚገኝ፣ ለፊት ፈጽሞ ያልታሰበ መድኃኒት ነው፡፡ እሷ ግን ‹‹የማድያት ማጥፊያ›› ተብላ ከሱቅ ገዝታ በየማታው ለሦስት ዓመት ተቀብታዋለች፡፡ ‹‹መጀመሪያ ላይ ሰው ሁሉ ቀላሽ፣ አማረብሽ ይለኝ ነበር›› አለችኝ፡፡ ስትተወው ፊቷ እንደ እሳት ይለበልባታል፤ ስትመልሰው ይበርድላታል፡፡ የመድኃኒቱን ጉዳት አስረዳኋት፤ ቀስ በቀስ የምትላቀቅበትንም መንገድ ጻፍኩላት፡፡ ተነሥታ ከወጣች በኋላ በሩን እንደያዘች ዞር ብላ ‹‹እሺ ዶክተር፣ እሱን ተውኩት እንበል፤ ታዲያ ምን ልቀባ?›› ስትል ጠየቀችኝ፡፡ ‹‹ምንም አትቀቢ›› አልኳት፡፡ ተመልሳ አልመጣችም፡፡

መልሴ ስንፍና እንደነበረበት የገባኝ ቆይቶ ነው፡፡ ፊቱን የሚታጠብ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይቀባል፤ ሐኪሙ ካልነገረው ሻጩ ይነግረዋል፡፡ በዚያው ሰሞን ሁለተኛ ልጄን ከወለድኩ በኋላ በሁለቱም ጉንጮቼ ላይ ማድያት ወጥቶብኝ ስለነበር፣ ጥያቄው የእኔም ጥያቄ ሆነ፡፡ ስለዚህ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ከመርካቶ፣ ከፒያሳ፣ ከሰፈራችን ሱቆችና ከመድኃኒት ቤቶች እየገዛሁ በገዛ ፊቴ ላይ ሞከርኳቸው፡፡ ደንቤ ቀላል ነበር፡፡ አንድ ጀማሪ ነርስ ወይም መምህር ሲያልቅበት ሳይበደር ሊተካው የማይችለውን አልገዛም፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አልጀምርም፤ አዲሱን ነገር አስቀድሜ በክንዴ ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥቂት ቀናት እፈትነዋለሁ፤ ከዚያም በግራ ጉንጬ ብቻ እቀባና ቀኙን ለማነጻጸሪያ እተወዋለሁ፡፡ ባለቤቴ የትኛው ወገን እንደተቀባ ሳይነገረው በየሦስት ሳምንቱ በዚያው መስኮት፣ በዚያው ሰዓት ፎቶግራፍ እያነሣ ፍርዱን ይሰጥ ነበር፡፡ ይህ ጥናት አይባልም፡፡ አንድ ጠይም ፊት፣ አንድ ከተማና አንድ ታጋሽ ባል ብቻ ያሉበት ሙከራ ነው፡፡ ቢሆንም የምርቶቹ ማስታወቂያዎች ከሚያቀርቡት ማስረጃ አያንስም ብዬ አምናለሁ፡፡

በሳሙና ጀመርኩ፡፡ የጤነኛ ፊት ቆዳ ገጽ በመጠኑ አሲዳማ ሲሆን፣ ፒ.ኤች. መጠኑ ከ4.5 እስከ 5.5 ገደማ ነው፡፡ ከስብና ከሶዳ የሚሠራ የተለመደ ሳሙና ግን ወደ 9 ወይም 10 ይጠጋል፡፡ ይህን በመጽሐፍ ማንበብና በዐይን ማየት የተለያዩ በመሆናቸው፣ ከምሠራበት ክፍል የአገልግሎት ጊዜው ያለፈ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይዤ ሄጄ አምስት ደረቅ ሳሙናዎችን አረፋቸው ውስጥ ነከርኩበት፡፡ ወረቀቱ የሚያነበው እስከ 8.5 ብቻ ነው፤ አምስቱም ከላይኛው ጫፍ ደረሱ፡፡ ከአምስቱ አንዱ በማሸጊያው ላይ አረንጓዴ ቅጠል የተሣለበትና ‹‹ለፊት›› የሚል የተጻፈበት፣ ሌላው ደግሞ የሕፃን ሳሙና ነበር፡፡ የገዛኋቸው ሁለት ፈሳሽ የፊት መታጠቢያዎች ግን ከ5 እስከ 6 ባለው ቀለም ላይ ቆዩ፡፡ በፊቴ ላይም ልዩነቱ ግልጽ ነበር፤ በጥቅምት ንፋስ በደረቅ ሳሙና ጠዋትና ማታ በታጠብኩባቸው ሳምንታት ፊቴ እንደ ከበሮ ቆዳ ተወጥሮ ነበር፡፡ ይሁን እንጂ ፈሳሹን መግዛት ለማይችል ሰው መፍትሔው ከባድ አይደለም፡፡ ጠዋት በውኃ ብቻ፣ ማታ ደግሞ የመንገዱን አቧራና የቀኑን ቅባት ለማንሣት አንድ ጊዜ ብቻ በሳሙና መታጠብ በቂ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፡፡ ‹‹ጀርም ገዳይ›› የሚለው ጽሑፍ ለፊት የሚጨምረው ነገር የለም፡፡ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2016 ትሪክሎሳንን ጨምሮ 19 እንዲህ ያሉ ንጥረ ነገሮች ለተራ ሰው በሚሸጡ ሳሙናዎች ውስጥ እንዳይገቡ የከለከለው፣ አምራቾቹ ከተራ ሳሙና የሚበልጡበትን ነገር ማስረዳት ባለመቻላቸው ነው፡፡

ወደ ቅባቶቹ ስመጣ በመጀመሪያ ይቅርታ ልጠይቀው የሚገባኝ ቫዝሊን ነው፡፡ በልጅነታችን እናቶቻችን ትምህርት ቤት ከመሄዳችን በፊት ፊታችንን የሚያብሱበት፣ በኋላ ግን ‹‹የደሃ ቅባት›› ብለን የናቅነው ነገር ነው፡፡ ሮበርት ቼስብሮ የተባለው ኬሚስት ከነዳጅ ዘይት ጉድጓድ ዝቃጭ አጣርቶ እ.ኤ.አ. በ1872 የባለቤትነት መብት ካስመዘገበበት ጊዜ ጀምሮ ከዚህ የተሻለ የውኃ ማገጃ ለቆዳ አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም፡፡ ከቆዳ ላይ በትነት የሚወጣውን ውኃ እስከ 98 በመቶ ድረስ እንደሚቀንስ ይነገርለታል፡፡ ሽቶ የለውም፤ ማቆያ ኬሚካል አያስፈልገውም፤ አለርጂ የሚያስነሣበት ሰው እጅግ ጥቂት ነው፡፡ ፊቴን ታጥቤ ውኃው ሳይደርቅ የአተር ፍሬ ያህል በመዳፌ አሙቄ ስቀባ፣ በማግስቱ ያ የከበሮ ቆዳ ስሜት አልነበረም፡፡ ጉድለቱ በቀን ነው፡፡ ያብለጨልጫል፤ በታክሲ ተራ ቆሞ ለሚውል ሰው የአዲስ አበባን አቧራ ሁሉ ይሰበስባል፡፡ ስለዚህ የሌሊት ቅባት ብዬ መድቤዋለሁ፡፡ ሜንቶልና ካምፎር የገባባቸውን ዓይነቶች ግን ለፊት አልመክርም፡፡

ቫዝሊን ብጉር ያመጣል የሚለው እምነት ከባልደረቦቼም አፍ ይሰማል፡፡ የእምነቱ ምንጭ ቅባቶችን በጥንቸል ጆሮ ላይ ቀብቶ ቀዳዳዎቹ መደፈናቸውን የሚያየው አሮጌ የሙከራ ዘዴ ሲሆን፣ አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አልበርት ክሊግማን እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጡት ጽሑፍ ንጹሕ ቫዝሊን በጥንቸልም ሆነ በሰው ላይ ቀዳዳ እንደማይደፍን አሳይተዋል፡፡ (እኚሁ ሰው በፊላደልፊያ በሆልምስበርግ እስር ቤት በእስረኞች ላይ ባካሄዷቸው ሙከራዎች ሙያችንን ያሳፈሩ ናቸው፡፡ ስለ ፊት ቆዳ ከምናውቀው ስንቱ ከእነዚያ እስረኞች ጀርባ ላይ እንደተወሰደ ሳስብ የማነበው ገጽ ይከብደኛል፡፡) ቫዝሊንን ነጻ ያወጡት ክሊግማን ቀደም ብለው እ.ኤ.አ. በ1970 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር የጸጉር ቅባት በግንባርና በጆሮ ግንድ ዙሪያ የሚያመጣውን ጥቃቅን ብጉር በጥቁር አሜሪካውያን ወንዶች ላይ ገልጸዋል፡፡ በእኛም ዘንድ ጸጉሯን ቅቤ ተቀብታ ሻሽ አስራ የምታድር ሴት ግንባሯ ላይ የሚወጣው ሽፍታ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል፡፡ እንዲህ ያለችው ታካሚ ስትመጣ የፊት መድኃኒት ከማዘዝ በፊት ቅቤው ከግንባሯ ጸጉር መስመር ጣት ያህል እንዲርቅ መንገር ብቻ ይበቃል፡፡

ግሊሰሪን ሁለተኛው የደሃ ቅባት ነው፤ በእኔ ሚዛን ግን ለወጣበት ገንዘብ የሚተካከለው አላገኘሁም፡፡ ቫዝሊን ውኃን የሚያግድ ሲሆን፣ ግሊሰሪን ውኃን የሚስብ ነው፡፡ ስሕተቱ የሚመጣው ከጠርሙሱ እንደወጣ ሳይበረዝ ሲቀባ ነው፡፡ አየሩ እንደ ታኅሣሥና ጥር ደረቅ ሲሆን፣ ያልተበረዘ ግሊሰሪን ከአየር የሚያገኘው ስለሌለ ከራሱ ከቆዳው ውኃ ይስባል፤ ይለበልባልም፡፡ አንድ እጅ ግሊሰሪን በሦስት እጅ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ በርዤ፣ በእርጥብ ፊት ላይ ስቀባው ግን ቀኑን ሙሉ ፊቴ ለስልሶ ዋለ፡፡ የተበረዘው ግሊሰሪን ተሕዋስያን ሊያበቅል ስለሚችል ከሳምንት በላይ የሚቆይ መጠን ማዘጋጀት አይገባም፡፡

በዚህ ላይ አንድ የተለየ ውድድር አደረግሁ፡፡ አንድ ጊዜ ብቻ ደንቤን ጥሼ አንድ ዋጋው ከሌሎቹ ሁሉ ብዙ እጥፍ የሆነ ከውጭ የመጣ የፊት ሎሽን ገዛሁና ቀኝ ጉንጬን በእሱ፣ ግራውን በተበረዘው ግሊሰሪን ስቀባ ከረምኩ፡፡ ባለቤቴ በሁለቱ መካከል ልዩነት ማየት አልቻለም፤ እኔም በጣቴ ዳስሼ መለየት አልቻልኩም፡፡ የሎሽኑን ሳጥን ገልብጬ ባነብ፣ የተዘረዘሩት የመጀመሪያዎቹ ሦስት ነገሮች ውኃ፣ ግሊሰሪንና የማዕድን ዘይት ሆነው ተገኙ፡፡ በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ ሕግ የውበት ዕቃ ይዘቶች መጻፍ ያለባቸው ከብዛታቸው ወደ ማነሳቸው በቅደም ተከተል በመሆኑ፣ ገዢው የከፈለበት ነገር አብላጫው እነዚያው ሦስቱ ናቸው ማለት ነው፡፡ በሳጥኑ ፊት ላይ በወርቅ ቀለም የተሣለችው አበባ ስሟ ከመጨረሻዎቹ መካከል፣ ከሽቶው አጠገብ ይገኛል፡፡ ፍትሐዊ ለመሆን ሎሽኑ አይጣበቅም፤ ሽታውም ደስ ይላል፡፡ ለዚህ መክፈል የሚፈልግ ሰው ለዚህ መክፈሉን ይወቅ እንጂ አልቃወምም፡፡

የጓዳውን ነገር ባጭሩ ልለፈው፡፡ ማርና እርድ ምንም አልጎዱኝም፤ እርዱ ግን ትራሴን ለሁለት ሳምንት ቢጫ አድርጎታል፡፡ እሬት ከፀሐይ በኋላ ያበርዳል፤ ሆኖም ከልጣጩ ሥር ያለው ቢጫ ወተት ስለሚያሳክክ ተንጠባጥቦ እስኪያልቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፡፡ የቡና ዝቃጭ ፊት ላይ ማሸት ቆዳን መቧጨር ነው፡፡ ሎሚን ግን እንደ ቀልድ ማለፍ አይቻልም፡፡ በልጣጩና በጭማቂው ውስጥ ያሉት ፉሮኩማሪን የተባሉ ነገሮች ከፀሐይ ጋር ሲገናኙ ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎውም ሲድን ከቀድሞው የባሰ ጥቁር ምልክት ይተዋል፡፡ ማድያቱን በሎሚ ሊያጠፋ ወጥቶ ሁለተኛ ማድያት ይዞ የሚመለስ ሰው በክሊኒኬ አይቻለሁ፡፡

ከ‹‹ሴረሞቹ›› ወገን በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገኘው ኒያሲናማይድ ነው፤ ይኸውም ከቫይታሚን ቢ3 ቅርጾች አንዱ ሲሆን፣ ቀለም የያዙት ቅንጣቶች ከአምራቾቹ ሴሎች ወደ ላይኛው ቆዳ እንዳይተላለፉ ይቀንሳል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት 5 በመቶ የሆነው ቅባት ጥቁር ምልክቶችን እንዳደበዘዘ ተገልጿል፡፡ እኔ ስምንት ሳምንት ተቀባሁት፡፡ ግራው ወገን ደብዘዝ እንዳለ እርግጠኛ ሆኜ ፎቶግራፎቹን ለባለቤቴ ሳቀርብለት ያሻለው ቀኙ ነው አለኝ፡፡ ከዚያ ወዲህ በመስታወት ፊት ቆሞ የሚሰጥን ምስክርነት፣ የራሴንም ቢሆን፣ በጥርጣሬ ነው የምሰማው፡፡ የቫይታሚን ሲ ሴረሙ ደግሞ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ለፀሐይ ተጋልጦ ከቆየበት ሱቅ ስገዛው ቀድሞውኑ የሻይ ቀለም ይዞ ነበር፤ ይህም በአየርና በብርሃን መበላሸቱን የሚያሳይ በመሆኑ ሳልጠቀምበት ጣልኩት፡፡ ለብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ዋጋውም ሥራውም መልካም ነው፡፡ ሆኖም ሻጮች 10 በመቶውን ‹‹ጠንካራው›› ብለው ያስቀድማሉ፤ 2.5 በመቶው ግን ሥራው ከ10 በመቶው እንደማያንስና የሚያስቆጣውም ባነሰ መጠን መሆኑ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የታወቀ ነው፡፡ ለጠይምና ለጥቁር ቆዳ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የተቆጣ ቆዳችን ሲድን ጥቁር ሆኖ ነውና የሚድነው፡፡ ነጠላ ለብሶ አለመቀባት ግን ይሻላል፤ የነካውን ቀለም ሁሉ ያነጣል፤ የእኔ ጥለት ምስክር ነው፡፡

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ፀሐይ መከላከያው ልምጣ፡፡ ማድያት ያለበት ሰው ሌላውን ሁሉ ተቀብቶ ይህን ቢተው፣ በሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል እንደሚወለውል ሰው ነው፡፡ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ትገኛለች፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፡፡ ከምድር ወገብ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ በመሆናችንም ፀሐይ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መገባደጃ በቀጥታ ከአናታችን በላይ ትቆማለች፡፡ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ጨረሩ አይሰማንም፤ ‹‹ፀሐይዋ እኮ አትበረታም›› የሚለው አነጋገራችን ሙቀትን እንጂ ጨረርን አይለካም፡፡

በቱቦው ላይ የሚጻፈው ኤስ.ፒ.ኤፍ. የተባለው ቁጥር ብዙዎችን ያሳስታል፡፡ 15 የሚለው የሚያቃጥለውን ጨረር 93 በመቶ ያህል ሲያግድ፣ 30 የሚለው 97 በመቶ፣ 50 የሚለው 98 በመቶ ያግዳል፡፡ ከ30 በላይ ለሚጨምረው ቁጥር ብዙ ገንዘብ መክፈል ለተራ ቀን አያስፈልግም፡፡ ዋናው ነገር መጠኑ ነው፡፡ ቁጥሩ የተለካው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሴንቲ ሜትር ላይ 2 ሚሊ ግራም ተቀብቶ ነው፤ ለፊትና ለአንገት ስናሰላው ከ1 ግራም በላይ ይሆናል፡፡ በዚህ ሒሳብ 50 ግራም የሚይዝ ቱቦ በቀን አንድ ጊዜ ለሚቀባ ሰው አርባ ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ ለሚደግመው ሃያ ቀን ብቻ ይቆያል፡፡ የእኔ በሃያ አንደኛው ቀን አለቀ፡፡ አንዲት ባልደረባዬ ግን ያንኑ ዓይነት ቱቦ ከዓመት በላይ እንደተጠቀመችበት በኩራት ነግራኛለች፡፡ ርካሽ ነው የምንለው ነገር ርካሽ የሚሆነው በትክክል ካልተጠቀምንበት ብቻ መሆኑ የዚህ ምርት ትልቁ ጉድለት ነው፤ አልቢኒዝም ላለበት ወገናችን ደግሞ ይህ የውበት ሳይሆን የካንሰር ጉዳይ ነው፡፡

ሁለተኛው ጉድለት ቀለሙ ነው፡፡ ከአራቱ የሞከርኳቸው ሁለቱ ዚንክ ኦክሳይድና ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ያለባቸው ሲሆኑ፣ በጠይም ፊቴ ላይ አመድ የነሰነሱብኝ ይመስል ነበር፡፡ በክሊኒኩ ያለች አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ‹‹ዶክተር፣ ዛሬ አሞዎታል እንዴ?›› ብላ ጠይቃኛለች፡፡ እነዚህን ምርቶች የቀመሩ ሰዎች ማንን በዐይነ ኅሊናቸው ይዘው እንደነበር ከዚህ መገመት አያዳግትም፡፡ ጉዳዩ ግን ከመልክ ያልፋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ በጠቆረ ቆዳ ላይ የሚታየው ተራ ብርሃን ራሱ የሚቆይ ጥቁረት ያመጣል፡፡ ይህን የሚያግደው የብረት ኦክሳይድ የገባበት፣ ቡናማ ቀለም ያለው መከላከያ ነው፡፡ ለማድያት ታካሚ የሚስማማው እሱ ሆኖ ሳለ፣ በሱቆቻችን ያገኘሁት የቀለም ዓይነት ለእኔ ፊት እንኳ የቀላ ነው፤ ከእኔ ለሚጠቁር ሰው ምን ይባላል? በመጨረሻ በትንሽ የጠቆረ የፊት ዱቄት እየደራረብኩ ተጠቀምኩበት፤ ከአራቱም የቀጠልኩት በእሱ ነው፡፡

መስኮት ይከልለኛል የሚል ካለ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት የወጣውን የአንድ የ69 ዓመት ሰው ፎቶግራፍ ይመልከት፡፡ ለ28 ዓመት የጭነት መኪና ሲነዱ የኖሩ ሲሆን፣ ከመስኮቱ ወገን የነበረው ግራ ፊታቸው በመሸብሸብና በመወፈር ከቀኙ በብዙ ዓመት ያረጀ ይመስላል፡፡ መስታወት የሚያቃጥለውን ጨረር ሲይዝ፣ ረጅሙን ጨረር ያሳልፋል፡፡ እኛም መኪና የምንነዳው በቀኝ መንገድ በመሆኑ የሾፌሮቻችን ግራ ጉንጭ ተመሳሳይ ዕጣ አለው፡፡ እንግዲህ ቱቦውን በየሃያ ቀኑ መተካት ለማይችለው ሰው ምን እንበለው? እናቶቻችን ያውቁት የነበረውን ጥላ፣ ሰፊ ባርኔጣና በግንባር ላይ ሳብ የተደረገ ነጠላ በክብር መመለስ አለብን፡፡ ጥላ ከመሬትና ከግድግዳ ተንጸባርቆ የሚመጣውን ጨረር ስለማያግድ ብቻውን ምሉዕ አይደለም፡፡ ቢሆንም አንድ ጥቁር ጥላ ለዓመታት ያገለግላል፤ መጠኑን አሳንሶ የሚቀባውም የለም፡፡

ከእነዚህ ሁሉ በኋላ ያቺ ታካሚ ዛሬ ብትመጣ የምጽፍላት አጭር ነው፡፡ ማታ አንድ ጊዜ ለስላሳ መታጠቢያ፤ ለሌሊት ስስ ቫዝሊን፤ ቆዳዋ እስኪያገግም ድረስ ምንም ሴረም፣ ምንም ሎሚ የለም፤ ቀን ቀን ጥላ፣ አቅሟ ከፈቀደም ባለ ቀለሙ መከላከያ፡፡ በተጨማሪም ወራት እንደሚፈጅና በመካከሉ ፊቷ እንደሚብስባት አስቀድሜ እነግራታለሁ፤ ያኔ ያልነገርኳት ይህንን ነበር፡፡

የስቴሮይዱን ነገር ስናነሣ ጣታችንን በሱቅ ሻጭ ላይ ብቻ መቀሰር አይገባም፡፡ ጠይቄ እንደተረዳሁት፣ ያ ቱቦ ወደ ብዙ ቤቶች መጀመሪያ የገባው በእኛው የማዘዣ ወረቀት ነው፡፡ ለክንድ ሽፍታ ‹‹በቀን ሁለት ጊዜ›› ብለን ጽፈን፣ ለስንት ቀን እንደሆነና ፊት እንደማይነካ ሳንጽፍ እንለቃለን፤ ቱቦው ከእህት ወደ እህት ይዞራል፡፡ ስቴሮይድ፣ ጸረ ፈንገስና ጸረ ባክቴሪያ በአንድነት የተቀላቀሉበትን ቅባትም ምርመራችን እርግጠኛ ባልሆነ ቁጥር እናዝዛለን፡፡ ጭርት በስቴሮይድ ተሸፍኖ መልኩን ለውጦ እንደሚስፋፋ እ.ኤ.አ. በ1968 ስም ተሰጥቶት የተጻፈ ነው፤ እኛ ግን ዛሬም እንደ አዲስ ነገር እንገረምበታለን፡፡

አንድ የቀረኝ ምርት አለ፤ ፊቴን ያላስነካሁት፡፡ በጥር ወር አክስቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ከጂዳ የተመለሰች ጎረቤቷ ያመጣችላትን አንዲት ትንሽ ብልቃጥ በእጄ አስጨበጠችኝ፡፡ ‹‹እንቺ ልጄ፣ በሁለት ሳምንት ልቅም አድርጎ ያጠፋልሻል፡፡ ዶክተር ብትሆኚም ፊትሽ ያንቺ ነው›› አለችኝ፡፡ የይዘት ዝርዝር የለውም፤ የአምራቹም አድራሻ የለም፡፡ ከሥሩ በጥቃቅን ፊደል ከወርቅና ከብር ጌጥ ጋር እንዳይነካካ የሚያስጠነቅቅ ጽሑፍ አለ፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የመሰለ ማስጠንቀቂያ ሜርኩሪ የመኖሩ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ገልጿል፡፡ ሜርኩሪ ታይሮሲኔዝ የተባለውን ኢንዛይም በማገድ በእርግጥ ያቀላል፤ ከዚያም በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ላይ ያርፋል፡፡ እ.ኤ.አ. በ1972 በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት በወጣ ጽሑፍ፣ በናይሮቢ ፕሮቲን በሽንታቸው እየፈሰሰ በእብጠት ከመጡት ታካሚዎች መካከል ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ማቅያ ተጠቃሚዎች እንደነበሩ ተዘግቧል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2013 የጸደቀው የሚናማታ ስምምነት በውበት ቅባቶች ውስጥ የሚፈቀደውን መጠን የገደበ ሲሆን፣ በ2023 የተሰበሰቡት አባል አገሮች ሜርኩሪ የተጨመረበት የውበት ዕቃ ሁሉ በ2025 ከገበያ እንዲወጣ ወስነዋል፡፡

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ብልቃጡን ያን ዕለት አልጣልኩትም፡፡ በመኝታ ክፍሌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ ሁለት ሌሊትም ከመሳቢያው አውጥቼ መልሼ ከትቼዋለሁ፡፡ በሦስተኛው ቀን እንዲህ ያሉ ቅባቶች የሚተኑት ሜርኩሪ ያልተቀቡትን የቤት ልጆች ጭምር እንደሚመርዝ ሳነብ፣ መሳቢያው ከልጄ አልጋ አንድ ክንድ እንኳ እንደማይርቅ ትዝ አለኝ፡፡ ክዳኑን በፕላስተር አሽጌ፣ በሁለት ላስቲክ ጠቅልዬ፣ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ከትቼ በግቢው ጥግ ካለችው ዕቃ ቤት አኖርኩት፡፡ ተራ ቆሻሻ ውስጥ መጣል እንደማይገባው ስለማውቅ የሚረከበኝ ፍለጋ ሦስት መሥሪያ ቤቶች ደወልኩ፤ ሦስቱም ጉዳዩ የሌላው መሆኑን በትሕትና ነገሩኝ፡፡ ብልቃጡ አሁንም እዚያው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፡፡ እንዲህ ያለውን ነገር የት ማስረከብ እንደሚቻል የሚያውቅ ባልደረባ ካለ በዚህ መጽሔት በኩል ቢያሳውቀኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው፡፡